የጠብታ ሙዚቃ ቤት ሕሙማን

በኢሉባቦር አንድ ሰፈር «ከተማ ነኝ» እንዲል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ የማይደርቅ ጭቃ፣ የቡና መጋዘን፣ እና «ጆሮህን ከራስህ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ» የሚል የካሴት ቤት ባለቤት። ጭቃው እግዜር ይመስገን ሞልቷል። መጋዘኑም አለ። ሦስተኛው ዘር ግን እየመነመነ ነው። የጎሬው ሱቁን ለልብስ ሰፊ ለቀቀ። የበደሌው የሞባይል ቀፎ ይሸጣል። የቡሬው ደግሞ የካሴቶቹን ክር መዝዞ፣ ጦጣ እንዲያባርርለት በቆሎ ማሳው ዙሪያ ወጥሮታል። ጦጣዎቹ ክሩን እንደ ሐብል አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሲዞሩ ታይተዋል ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ።

መቱ የራሷን አላስነካችም። ክቡር ጋሼ አራርሳ፣ የጠብታ ሙዚቃ ቤት መሥራች፣ ባለቤትና ብቸኛ ሠራተኛ፣ የመቱና የአካባቢዋ ሕዝብ ጆሮ የበላይ ጠባቂ፣ ዛሬም ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ተሰይመዋል። ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣው ጣራው ነው። ሱቁ ገና ስም ሳይኖረው ያፈስ ነበር፤ ስም ካገኘ በኋላማ በሕጋዊ መንገድ ያፈሳል።

እዚህ ቤት ካሴት መግዛት እንደ ሌላው ሱቅ ብር ሰጥቶ ዕቃ መቀበል አይደለም። በሩን እንዳለፍክ «ታኢ! ተቀመጥ!» ይባላል። ጋሼ ሰውን የሚያስቀምጡት በኦሮምኛም በአማርኛም ነው፤ በአንዱ የቆመ በሌላው ቁጭ ይላል። ከዚያ የካሴቱን አንዱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ትሰማለህ። ቀጥሎ ይገለበጣል። ሰምተህ ስትጨርስ፣ ልትከፍል እጅህን ኪስህ ስትከት፣ ፊትህን ትክ ብለው ያዩና ፍርዱን ያሰማሉ፤

«ይሄ ላንተ አይሆንም።»

ይግባኝ የለም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የቢሮ ኤክስፐርት ገባ። ሱሪው የተተኮሰ፣ ጫማው ሹል።

«የክህደት ዘፈን ይኖርዎታል? የሚያስለቅስ ዓይነት።»

«ማን ከዳህ?» አሉት ጋሼ።

«ማንም። እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«ይሄ ላንተ አይሆንም። አንተ ገና አልተከዳህም። ስትከዳ ና።»

ሰውዬው እየሳቀ ወጣ፤ ፊት ለፊቱ ባለው ካፌ በረንዳ ላይ የነበርነውም አብረን ሳቅን። ክረምቱ ሳይወጣ እጮኛው ጅማ ላይ ሌላ ማግባቷ ተሰማ። ኤክስፐርቱ ጃንጥላ እንኳ ሳይዝ ዶፉን እየቀዘፈ ጠብታ ደረሰ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ጎንበስ አሉ። ከጠረጴዛው ሥር ተቀድቶ ያለቀ ካሴት አውጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

መቼ እንደቀዱት ብንጠይቃቸው «ያን ዕለት እንደወጣ» አሉ። «በዚህ ጭቃ እንዲህ ዓይነት ጫማ የሚያደርግ ሰው ሳይከዳ አይቀርም።»

የእሳቸው ትልቁ ጠላት ግን ዝናቡ ነው። የመቱ ዝናብ እንኳን ካሴት የሰው ሐሳብ ያሻግታል። ሰው የሻገተ ካሴቱን እንደታመመ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ይመጣል፤ ጋሼ በደቃቅ ቡሎን መፍቻ ይፈቱታል፣ ክሩን ይመዙታል፣ በጥጥ ይጠርጉታል፣ ከዚያ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰጡታል። ሥሩ ከሰል ይነዳል። ጥቁሩ ክር በሞቀው አየር ሲወዛወዝ ላየው ሰው ሌላ ነገር ይመስላል። አንድ የጋምቤላ መንገደኛ አውቶቡሱ ጎማ እስኪቀየርለት ድረስ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ፣ «አባቴ፣ ቋንጣው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼም ቀና ሳይሉ መለሱ፤

«ይሄ ላንተ አይሆንም።»

አሁን ወደ ምራቂው ልምጣ፤ የዚህ ሰው ታላቅ ሥራ እሱ ነውና።

ገበያ ላይ ቡና ስትሰፍርልህ ሴትየዋ በመጨረሻ አንድ እፍኝ እንደምትጨምር ሁሉ፣ ጋሼም ካሴት ሲቀዱልህ ያዘዝካቸው ዘፈኖች አልቀው ክሩ ትንሽ ከተረፈ ያልጠየቅከውን አንድ ይጨምሩበታል። መርጠህ አይደለም፤ መርጠውልህ ነው። ዘለህ ልለፈው ብትል አትችልም፤ በዚህ እርጥበት ካሴት ማጠንጠን ማለት ቴፑን «እንካ ብላ» ማለት ነው። ስለዚህ ትሰማዋለህ። መጀመሪያ ትበሳጫለህ። ቀጥሎ ትለምደዋለህ። በመጨረሻ ሻወር ቤት ውስጥ ራስህን ስትዘፍነው ታገኘዋለህ፤ ያዘዝከውን ደግሞ ረስተኸዋል።

ኦሮምኛ ላዘዘ አማርኛ፣ አማርኛ ላዘዘ ኦሮምኛ ነበር የሚጨመርለት። የእኔ ምራቂ የዳሪሙ ገጠር ሴቶች ዘፈን ነበር። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ቴፑን በጀርባቸው፣ ባትሪ ድንጋዩን በኪሳቸው ይዘው፣ የእግር መንገዱን ወርደው፣ ደቦ ላይ የቀዱት። ሴቶቹ እያረሙ፣ ሚስቱ ጎንበስ ብላ ስትሠራ እሱ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ደመና ስለሚቆጥር ባል ይዘፍናሉ። ይህን ዘፈን አማርኛ ላዘዘ የመቱ ሰው ሁሉ መረቁት። ኦሮምኛው ጠለቅ ብሎ ያልገባው ባል ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከሚስቱ ጋር እያጨበጨበ ስድቡን በደስታ ዘፈነ።

እዚያ ቅጂ ላይ፣ ሁለተኛው አዝማች እንዳለቀ፣ አንድ ሰው ያስላል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። እህ፣ እህህ፣ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ አንዲት ረዥም እህ። ከዚያ ሴቶቹ ይቀጥላሉ።

እኛ ዘፈኑን ስንማር ሳሉንም አብረን ተማርነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሕዝብ ሌላ ቦታ ካለ ይነገረኝ። እስከ ዛሬ መቱ ላይ ሠርግ ተሠርቶ ያ ዘፈን ሲነሣ፣ ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሚዜዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ባንድ ላይ ያስላሉ። እህ፣ እህህ፣ ፋታ፣ እህ። ፋታዋን የሳተ ዘፈኑን አያውቅም ይባላል። ባለፈው ዓመት ከነቀምት የመጣ ሚዜ ሕዝቡ ሁሉ የታነቀ መስሎት ውሃ በጆግ ይዞ እየሮጠ ድንኳኑ መሐል ገባ። ዶሪ የምትባል አንዲት አሮጊት ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ «አይዞህ ልጄ፣ የሳሉ ቦታ ነው» አለችው።

ምራቂው ሁሉ ግን በሰላም አልተዋጠም። የሱቁ ክፍል ባለቤት እትዬ አስካለማርያም ናቸው፤ የማኅበር እናት፣ የጾም ወታደር፣ ዘፈን የሚባል ነገር ደጃፋቸውን እንዳይረግጥ የሚጠነቀቁ ሴት። ጋሼ የኦርቶዶክስ መዝሙር ቀዱላቸው። መጨረሻ ላይ ክር ተረፈ። ለእትዬ ዘፈን መጨመር ድፍረት እንደሆነ ስላወቁ፣ ጋሼ አስበው አስበው፣ ከራሳቸው ጸሎት ቤት መዝሙር አንዱን ጨመሩ። ጋሼ ጴንጤ ናቸው።

እትዬ ድምፁ ጣማቸው። ክረምትና በጋውን እያንጎራጎሩት ከረሙ። የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ዕለት ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት እየከተፉ ሲያንጎራጉሩት ነው ጎረቤታቸው በየነች ቢላዋዋን ያስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ይሄ የእነሱ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ሽንኩርት እንደያዙ ጠብታ ደረሱ።

«አንተ አራርሳ! በስተርጅና ልታስኮንነኝ ነው?»

«እትዬ፣ ታኢ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም!»

«ደስ አላለዎትም እንዴ?»

«እሱን ማን ጠየቀህ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ከቤት ኪራይ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ካሴቱን ግን እትዬ አልመለሱም።

ዘመኑ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ሚሞሪ ካርድ መጣ፤ የጥፍር ያህል ዕቃ ውስጥ የጠብታ መደርደሪያ ሙሉ ዘፈን ገባ። ቀጥሎ ስልኩ ራሱ ዘፈን ሆነ። ስልክ ደግሞ እንደ አያት ያሞላቅቃል። አንዱን ወደድክ? እሱን የሚመስል መቶ ያመጣልሃል። «ይሄ ላንተ አይሆንም» የሚል ስልክ እስካሁን አልተሠራም፤ ቢሠራም የሚገዛው ያለ አይመስለኝም፣ ከእኛ ከጠብታ ልጆች በቀር።

ከሁለት ክረምት በፊት እትዬ አስካለማርያም መጡና በሩ ላይ ቆመው ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው ናትናኤል ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቁጭ ብሏል፤ የስልክ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ክፍሉ ለእሱ ይፈለጋል።

«መስቀል ሲያልፍ ልቀቅልኝ።»

«እሺ እትዬ» አሉ ጋሼ።

ማታ ማታ ሻይ የምንጠጣበት የሰኚ ካፌ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ። ጋሼ ዳሪሙ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ ወስነዋል አሉ። «ቡና ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ደመና እቆጥራለሁ» ብለው ቀልደው ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ወንድማቸው ቤት መብራት እንኳ የለም። ያ ሁሉ ካሴት እዚያ እርጥበት ውስጥ ገብቶ አንድ ዓመት አይከርምም። ጋሼም ካሴቶቹን ተከትለው መሻገታቸው አይቀርም።

«እንግዛቸው» አለ ፋኦል፣ የባጃጅ ሹፌሩ። «ሁላችንም ሄደን ካሴት እንግዛ። ገበያው ደራ ሲባል እትዬም ይራራሉ።»

ምክሩ ጸደቀ፤ በማግስቱ ፋኦል ራሱ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ክንድ ሙሉ ካሴት ይስጡኝ። የፈለጉትን።»

«ቴፕ አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ በምን ልትሰማው ነው? በጥርስህ?»

«ለማስታወሻ ነዋ ጋሼ!»

«ለማስታወሻ ፎቶ ተነሣ። ይሄ ላንተ አይሆንም።»

ከፋኦል ቀጥሎ ሰኚ ገባች፤ ተመለሰች። ኤክስፐርቱ ገባ፤ አሁን አግብቶ ወልዷል፤ እሱም ተመለሰ። የሞተውን ገበያ ሊያስነሣ የወጣውን ሕዝብ ሁሉ ባለሱቁ ራሱ «አልሸጥም» እያለ በር በሩን አሳየው። እንዲህ ዓይነት ኪሳራ በየትኛውም የንግድ ትምህርት ቤት አይሰጥም።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ «እኔ ቴፕ አለኝ» አልኩ።

«አምጣውና ልየው።»

ምን ይዋጠኝ? ቡሬ ድረስ ሄድኩ። የአጎቴ ልጅ ቀኖ ዘንድ አንድ ባለ ሁለት ስፒከር ትልቅ ቴፕ እንደነበረ ትዝ ይለኛል። ነበረም። ዶሮ ታቅፋበታለች። ክዳኑ ተሰብሮ ጎድጓዳ ስለሆነ ለእንቁላል የተሠራ ይመስላል። ቀኖ ከነዶሮዋ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ዶሮዋ አልተስማማችም። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ሁለተኛ ቀጠሮ ይዤ ተመልሼ፣ ቴፑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ መጣሁ። ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ጋሼ አራርሳ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በጣታቸው ስፒከሩን ዳበስ አደረጉና ጎንበስ ብለው፣ እኔን ሳይሆን እሱን፣ «ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ጀርባውን ሲፈቱት ላባ ወጣ። በቆሎ ወጣ። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና እንደ መቱው ካርል ሆስፒታል ሐኪም ሳይሆን እንደ እውነተኛ ሐኪም በሐዘን ወሰኑ፤

«ይተኛ።»

ወሬው በከተማው እንደ ቋያ እሳት ሄደ። ካሴት ለመግዛት ቴፕ ያስፈልጋል፤ ቴፕህ ከታመመ ጋሼ አስተኝተው ያክሙልሃል። የመቱ ሰው አልጋ ሥሩን በረበረ፣ ቆጥ ላይ ወጣ፣ ከእህል ጎተራ ጀርባ ፈተሸ። ቴፕ በባጃጅ መጣ፣ በጋሪ መጣ፣ ከዳሪሙ በትከሻ መጣ። አንዱ እጀታ የለውም፣ አንዱ ሆድ የለውም፣ አንዱ ከነጭራሹ ቴፕ ሳይሆን የልብስ ስፌት መኪና ሣጥን ነበር፤ «ማል ታቴ?» ተብሎ እሱም ተኛ። መደርደሪያው ሞላ፣ አግዳሚው ሞላ፣ ከጣራው በገመድ ተንጠለጠለ። ጋሼ በሕሙማኑ መሐል ለመተላለፍ በጎናቸው መሄድ ጀመሩ። የተበጠሰ የማዞሪያ ጎማ ይቀይራሉ፣ ሞተር ያጥባሉ፣ ከሰሉ ላይ ውሃ ጥደው በእንፋሎት ያጥናሉ። ስለ መልቀቅ ያነሣ የለም።

መስቀል አለፈ። እትዬ አስካለማርያም ናትናኤልን አስከትለው መጡ። እኛም ነገሩን ለመከታተል፣ በሥነ ሥርዓት፣ በሩን ዘግተን ቆምን።

«አራርሳ፣ መስቀል አለፈ እኮ።»

«አልፏል እትዬ። እኔ ዛሬውኑ እወጣለሁ፤ የራሴ ዕቃ አንድ ጋሪ አይሞላም። ግን እነዚህ የሰው አደራ ናቸው። የት ላድርጋቸው?»

እትዬ ቀና ብለው አዩ። ቀኝ አዩ፣ ግራ አዩ፣ ጣራውን አዩ። ናትናኤል የስልክ መደርደሪያ የሚያቆምበትን ቦታ በዓይኑ ሲፈልግ ዓይኑን የሚያሳርፍበት እንኳ አጣ።

አደራ ቀላል ነገር አይደለም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ያደገ ሰው የሌላውን አደራ ዝናብ ላይ አያወጣም፤ እትዬ ደግሞ አደራ በልተው ከሚሞቱ ጾም ገድፈው ቢሞቱ ይሻላቸዋል። ወደ እኛ ዞሩ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው እትዬ» አለ ፋኦል። «ገና አልዳነም።»

«ይሄስ?»

«የእኔ» አለች ሰኚ። «ክትትል ላይ ነው።»

«ይሄ ላባ ያለበት?»

«የእኔ ነው» አልኩ። «ከቀዶ ጥገና ወጥቶ ነው።»

እትዬ ረዘም ላለ ጊዜ አዩን። ጠጅ የጠጣን መስሏቸው ይሆናል። «ለጥምቀት ይድኑ» ብለው ወጡ።

ለጥምቀት አልዳኑም። የዳነ ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ሊወስድ ሲጠራ ሥራ በዛበት። የፋኦል ባጃጅ ጎማው ፈነዳ። ሰኚ ካፌዋን ጥላ መምጣት አልቻለችም። እኔ ወገቤን አመመኝ። ጋሼ «ያንተ ከዳነ ወር አለፈው፤ ውሰደው እንጂ» ሲሉኝ፣ «አሁንስ ጋሼ፣ ድምፁ ትንሽ አልደከመም?» እላለሁ። እሳቸውም ስለ ዕቃ ዋሽተው ስለማያውቁ፣ «የለም፣ ደኅና ነው» ብለው ይቆጣሉ። ሰው በሌለበት ሰዓት ደግሞ የዳኑት ቴፖች ቡሎናቸው በተአምር እየላላ ተመልሰው ይታመማሉ። ማን እንደሚያላላው አልናገርም፤ ቡሎን መፍቻ ያለው ባጃጅ ነጂ ነው፣ ከዚያ በላይ አልጨምርም።

ናትናኤል ምን ይሁን? በረንዳው ላይ የመስታወት ሣጥን አቁሞ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጥ ጀመረ። ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይጭናል። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ጋሼ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ደንበኞቹን «ይሄ ላንተ አይሆንም» ማለት ሲጀምሩማ ሊያብድ ደረሰ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር አየ፤ ሰው ሌላውን የስልክ ሱቅ ሁሉ እያለፈ እሱ ዘንድ የሚመጣው ለመከልከል ነው። አሁን ራሱ፣ «ቆይ፣ ጋሼ ይዩህ» ይላል።

ፋሲካም አለፈ። ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣ እኔና ጋሼ ተቀምጠናል። እትዬ አስካለማርያም ናትናኤል ጃንጥላ ይዞላቸው ብቅ አሉ። ጋቢያቸው ሥር የሆነ ነገር አቅፈዋል። ይህች ሴት በዚህ ዝናብ ለሰላምታ አትወጣም፤ ያለቀለት ነገር ነው፣ የቀበሌ ወረቀት ይሆናል፣ አልኩ በሆዴ። ጋሼም ያው መሰላቸው መሰለኝ፤ ተነሥተው ቆሙ።

እትዬ የያዙትን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ቴፕ ነው። አንዲት የአቧራ ብናኝ የለበትም።

«ይሄ አልሠራ ብሎኛል» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ።

«ማል ታቴ እትዬ? ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ። አሞታል።» ነጠላቸውን አጥፈው ያዙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ ጨመሩ፤ «ደግሞ አልቸኩልም።»

ወጡ። ጋሼ ገመዱን ሰኩና ቁልፉን ተጫኑ። ውስጡ ካሴት ነበረ፤ ያ የምራቂው መዝሙር ወዲያው፣ ጥርት ብሎ፣ ከዝናቡ በላይ ክፍሉን ሞላው። ሞተሩ አይንተፋተፍ፣ ክሩ አይጎተት፤ እንደዚህ ጤነኛ ቴፕ በዚያ ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እስከ መጨረሻው አስጨርሰው አጠፉት። ከዚያ ቡሎን መፍቻቸውን አንሥተው፣ ዓይኖቻቸው እርጥብ ሆነው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«በጣም ታሟል» አሉኝ። «ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።»